ጫማው ነው ፎቶው? ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የስኒከር ገጽ እንዴት «ብራንድ» ይሆናል

ደሴ ፒያሳ ላይ ከወጣቶች አፍ «ብራንድ ጀመርን» የሚል ወሬ መስማት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ብራንዱ የት ነው ሲባል ግን ሱቅ የለም። ፋብሪካም የለም። ያለው አንድ የቴሌግራም ቻናል፣ አንድ የቲክቶክ ገጽ፣ ስኒከር ያደረጉ ሁለት ሦስት ሞዴሎችና ካሜራ የያዘ ልጅ ነው። ጫማው ላይ ያለው ምልክት ደግሞ የናይኪ ወይም የአዲዳስ ነው። ታዲያ የልጆቹ ብራንድ ምኑ ላይ ነው?

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ትልልቆቹ «የሰው ጫማ ፎቶ አንስቶ ብራንድ ማለት ምን ማለት ነው?» ብለው ያልፉታል። ልጆቹ «እኛ ስታይል ነው የምንሸጠው» ይላሉ። ገዢው በበኩሉ ግራ ይገባዋል። ፎቶው ላይ ያየው ጫማና በፌስታል የመጣለት ጫማ አንዳንዴ አይገናኙም። ሦስቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር አይመስልም። አንዱ ስለ ዕቃ፣ አንዱ ስለ ምስል፣ አንዱ ስለ መተማመን ነው የሚያወራው።

ነገሩን ለመረዳት ወደ መነሻው መመለስ ያዋጣል። የስኒከር ባህል ሲጀመርም ጫማውና ፎቶው ተለያይተው አያውቁም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ የቀደመው ፎቶው ነው።

መጀመሪያ ቃላቱን እናጥራ

«ስኒከር» የሚለው ቃል የመጣው በእንግሊዝኛ ድምፅ ሳያሰሙ ሹልክ ብሎ መሄድን ከሚገልጽ ቃል ነው። የቆዳ ሶል ያለው ጫማ ወለል ላይ ቋ ቋ ይላል። የጎማ ሶል አይሰማም። ስሙ ከዚያ ወጣ። እኛ ዘንድ ቀድሞ «ሸራ ጫማ» ወይም «ስፖርት ጫማ» ሲባል የኖረው ነው።

«የስኒከር ባህል» ሲባል ግን ጫማ ማድረግ ብቻ አይደለም። ጫማውን በስሙ ማወቅ፣ የወጣበትን ዓመት መቁጠር፣ ኦሪጅናሉን ከኮፒው መለየት፣ አንዳንዴም ሳያደርጉት ካርቶን ውስጥ ማስቀመጥ ነው። «ድሮፕ» የሚባለው አንድ ጫማ በተወሰነ ቀን፣ በተወሰነ ቁጥር ለሽያጭ ሲለቀቅ ነው። «ሉክቡክ» ደግሞ አንድ ነጋዴ ልብስና ጫማውን በሞዴል አስለብሶ፣ አንድ ዓይነት መልክ ሰጥቶ የሚያወጣው የፎቶ ስብስብ ነው። የደሴ ልጆች «ሹት አለን» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ ይህንን ነው የሚሠሩት።

«ብራንድ» ከብት ላይ በጋለ ብረት ከሚተኮስ ምልክት የመጣ ቃል ነው። የማን እንደሆነ ለማወቅ ነበር። ዛሬ ቃሉ ከምልክቱ አልፎ ሰው ስለዚያ ምልክት ያለውን ስሜትና እምነት ይጨምራል። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ምልክቱ የሌላ ሆኖ እምነቱ የራስህ ሊሆን ይችላል። ደሴ ላይ «ከእነ እገሌ ገጽ ነው የገዛሁት» የሚል ሰው ናይኪን እያመሰገነ አይደለም።

ከሜዳ ወደ መንገድ

ታሪኩን በአጭሩ እንለፈው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ ወይም የአዋጅ ቁጥር አካል ካልሆኑ በቀር በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ኮንቨርስ ለቅርጫት ኳስ የሠራውን የሸራ ጫማ ያወጣው በ1917 ነው። ጀርመን ውስጥ ሁለቱ የዳስለር ወንድማማቾች ተጣልተው ሲለያዩ አንዱ ፑማን በ1948፣ ሌላው አዲዳስን በ1949 አቋቋሙ። ናይኪ በ1964 ብሉ ሪበን ስፖርትስ በሚል ስም ጀምሮ በ1971 ስሙን ቀየረ። ያቺን የታወቀች ጭረት የሳለችው ካሮሊን ዴቪድሰን የተባለች ተማሪ ነበረች። የተከፈላት 35 ዶላር ነው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የስፖርት ዕቃ ንግድ ነው። ወደ መንገድ ያወጡት የከተማ ልጆች ናቸው። በ1986 ራን ዲኤምሲ የተባለው የኒው ዮርክ የራፕ ቡድን ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ሲዘፍን ተመልካቹን አዲዳሱን ወደ ላይ እንዲያነሳ ጠየቀ። ሺዎች ጫማቸውን አነሱ። በቦታው የነበረ የአዲዳስ ሰው ይህን አየ። ኩባንያው ከሙዚቀኞች ጋር የጫማ ውል ተዋዋለ። ስፖርተኛ ላልሆነ ሰው እንዲህ ያለ ውል ያልተለመደ ነበር። ልብ በሉ፤ ኩባንያውን ያሳመነው የሽያጭ ሪፖርት አይደለም፣ በዓይኑ ያየው ትዕይንት ነው።

አየር ላይ የቀረው ሰውዬ

የጫማና የፎቶን ጋብቻ ከሁሉ በላይ የሚያሳየው የአሜሪካዊው ቅርጫት ኳስ ተጫዋች የማይክል ጆርዳን ታሪክ ነው። ናይኪ በስሙ የሠራው ኤር ጆርዳን ለሕዝብ የወጣው በ1985 በ65 ዶላር ነው። በመጀመሪያው ዓመት ወደ 126 ሚሊዮን ዶላር እንደሸጠ ይነገራል። የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ ቀይና ጥቁሩን ጫማ ከለከለ፣ ናይኪም ክልከላውን ራሱን ማስታወቂያ አደረገው። የተከለከለው በእርግጥ ሌላ ሞዴል ነበር የሚሉ አሉ። ለገበያው ግን ለውጥ አላመጣም።

ዋናው ነገር ጫማው ላይ ያለው ምልክት ነው። እግሩን ከፍቶ፣ ኳሱን በአንድ እጁ ከፍ አድርጎ አየር ላይ የሚታየው ሰውዬ። ጃምፕማን ይሉታል። ደሴ ውስጥ ሊስትሮው ሳይቀር ያውቀዋል። ያ ምልክት ከመሳሉ በፊት ፎቶ ነበር።

በ1984 ኮ ሬንትሚስተር የተባለ ፎቶ አንሺ ለላይፍ መጽሔት ጆርዳንን አነሳው። ጆርዳን ገና የኮሌጅ ተጫዋች ነበር። ፎቶ አንሺው ሜዳ ውስጥ አላነሳውም። ሣር ላይ አወጣው፣ ቅርጫት አስተከለና ከባሌ ዳንስ በተወሰደ ዝላይ እንዲዘል አደረገው። ጆርዳን በጨዋታ ላይ እንደዚያ አይዘልም። ማለትም ፎቶው የስፖርት ፎቶ መስሎ የሞዴሊንግ ፎቶ ነው። ፖዙ የተሰጠ ነው።

ናይኪ የፎቶውን ቅጂ ለጊዜያዊ አገልግሎት በ150 ዶላር ወሰደ። ቀጥሎ ከበስተጀርባ የቺካጎን ሕንጻዎች አድርጎ የራሱን ተመሳሳይ ፎቶ አስነሳ። ሬንትሚስተር ሲቃወም 15,000 ዶላር ተከፈለው፣ ለሁለት ዓመት መጠቀሚያ። ከናይኪ ፎቶ ውስጥ የሰውየው ቅርጽ ተቆርጦ ምልክት ሆነ፤ በ1988 በወጣው ሦስተኛው የጆርዳን ጫማ ላይም ታተመ። ፎቶ አንሺው በ2015 ከሰሰ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2018 ለናይኪ ፈረደ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የአዘላለሉን ሐሳብ ማንም በባለቤትነት ሊይዘው አይችልም። የሚጠበቀው አንድ ፎቶ አንሺ ያንን ሐሳብ ያሳየበት የራሱ አቀራረብ ነው። የናይኪ ፎቶ ደግሞ በብርሃኑም፣ በቦታውም፣ በሰውየው አቋምም ይለያል ተባለ።

ፍርዱ ለደሴና ለኮምቦልቻ ልጆችም ይነገራቸው ዘንድ የሚገባ ነው። «ፖዛችንን ሰረቁን» የሚል ጠብ በገጾች መካከል ሲነሳ ይሰማል። ፖዝ አይሰረቅም። ፎቶ ግን ይሰረቃል።

የእኛ ትልቁ ፎቶ ባዶ እግር ነው

የጫማ ዓለም ኢትዮጵያን የሚያውቃት ጫማ በሌለበት ፎቶ ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ በባዶ እግሩ ነበር። ፎቶው ዛሬም ይዞራል። ብዙ ሰው የማያስታውሰው ቀጣዩን ነው። በ1961 ጃፓን ለመሮጥ ሲሄድ ኦኒትሱካ ታይገር የተባለው ኩባንያ ባለቤት ጫማ እንዲያደርግ እንዳግባባው ይነገራል። በ1964 ቶኪዮ ላይ በድጋሚ ሲያሸንፍ ፑማ አድርጎ ነበር። ያ የጃፓን ኩባንያ ደግሞ ብሉ ሪበን፣ የኋላው ናይኪ፣ ጫማውን አሜሪካ ውስጥ እያከፋፈለ ንግድ የጀመረበት ነው። ክሩ ረጅም ነው፤ አንደኛው ጫፉ እዚህ ነው።

በ2023 ደግሞ ትዕግስት አሰፋ በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ በጊዜው የነበረውን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። እግሯ ላይ የነበረው አዲዳስ 138 ግራም ይመዝናል። በ500 ዶላር ለገበያ የወጣው 521 ጥንድ ብቻ ነበር። ውድድሩ እንዳለቀ ጫማዋን አውልቃ ከፍ አድርጋ ያዘችው። ዓለምን የዞረው ያ ፎቶ ነው። ሮም ላይ ባዶ እግር፣ በርሊን ላይ ባለ 138 ግራም ጫማ። ሁለቱንም ያገነናቸው ካሜራ ነው።

በመካከል በረባሶ አለ። ከመኪና ጎማ የሚቆረጠው ጫማ ለብዙ ዘመን የገበሬና የወታደር ነበር። ሶልሬብልስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት በ2004 ሲቋቋም ይህንኑ የጎማ ሶል ሐሳብ ይዞ ውጭ አገር ድረስ ሸጠ። ጎማው ያው ጎማ ነው። ፎቶውና አቀራረቡ ተቀየረ።

ደሴ የሚደርሰው ጫማ

አሁን ወደ ጉዳያችን። እነዚህ ገጾች የሚያሳዩት ጫማ በሦስት መንገድ ይመጣል።

አንደኛው ሰልባጅ ነው። ልባሽ ጨርቅን ለንግድ ማስገባት የተከለከለ ቢሆንም ቦንዳ ሲፈታ ማየት ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። ከጅቡቲ በሚሌ አድርጎ በባቲ በኩል ኮምቦልቻ የሚገባው መንገድ የንግድ መንገድ ነው። የባቲ ሰኞ ገበያ ዝናው የቆየ ነው። ከቦንዳ የወጣ ጫማ ብዙ ጊዜ ኦሪጅናል ነው፤ ችግሩ ያረጀ መሆኑ ነው። አጥቦ፣ ሶሉን በጥርስ ሳሙናና በብሩሽ ፈግፍጎ አዲስ ማስመሰል ይቻላል። ግን ገዢው የማያየው ነገር አለ። አንዳንድ ስኒከር መካከለኛው ሶል ፖሊዩረቴን ከሚባል ስፖንጅ መሰል ነገር የተሠራ ነው። ይህ ነገር ሰው ባያደርገውም ከአየር ውስጥ ካለ እርጥበት ጋር እየተጣላ በዓመታት ውስጥ ይበሰብሳል። ስለዚህ ፎቶ ላይ እንከን የሌለው ጫማ በሳምንቱ እንደ ደረቀ ዳቦ ሊፈረፈር ይችላል። ሻጩ ያጭበረበረ ይመስላል፤ አንዳንዴ እሱም አያውቅም።

ሁለተኛው ኮፒ ነው። በቻይና ፉጂያን ግዛት ያለችው ፑትየን ከተማ ፋብሪካዎቿ ለትልልቅ ኩባንያዎች ሲሰፉ ኖረዋል። ሙያው ከተለመደ በኋላ ከተማዋ በኮፒም ታወቀች። ለዚህ ነው ኮፒው ሁሉ አንድ ዓይነት ያልሆነው። አንዱ ማስቲሹ በወር ይላቀቃል። ሌላው «ማስተር ኮፒ» ተብሎ ለዓይን ከኦሪጅናሉ አይለይም። ደሴ ላይ የሚታየው አብዛኛው አዲስ ስኒከር ከዚህ ወገን ነው ቢባል ማንም የሚደነግጥ አይመስለኝም።

ሦስተኛው ከውጭ በሰው እጅ፣ በሻንጣ የሚመጣው ነው። ትንሽ ነው፤ ውድ ነው። በተለይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ። 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 ብር አልፏል። በትይዩ ገበያው ዋጋ ይሸጡ የነበሩት ነጋዴዎች የጭማሪውን ያህል አልተመቱም። ቢሆንም ኦሪጅናል አዲስ ስኒከር ከብዙ ወጣት አቅም በላይ ሆነ።

ውጤቱ ይህ ነው። ሰው ጫማውን መግዛት ባይችል ፎቶውን ያያል። ላይክ ያደርጋል። ይልካል። የሚሸጠው ጫማ ጥቂት ሆኖ የሚታየው ፎቶ ግን ብዙ ሆነ። የገጾቹ ስም ከሽያጫቸው የቀደመው በዚህ ምክንያት ነው።

ጉም፣ ነጭ ጫማና ስኮች

ሥራውን ቀረብ ብለን እንየው። ሞዴሉ ጫማውን አድርጎ አይመጣም። በፌስታል ይዞት ይመጣል፣ ቦታው ላይ ይቀይራል። ምክንያቱም ጫማው ገና የሚሸጥ ነው። ስለዚህ ሶሉ ሥር ስኮች ይለጠፋል፣ በጫማው ቅርጽ ዙሪያውን ይቆረጣል። የጣቱ ቦታ እንዳይታጠፍ ወረቀት ይጎሰጎስበታል። ሞዴሉ ተቀምጦ ወይም ቆሞ ይነሳል እንጂ ብዙ አይራመድም። «እየሄደ ነው» የሚመስለው ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ አንድ እግር አንስቶ የቆመ ሰው ነው። ሲያልቅ ስኮቹ ይላጣል፣ ጫማው ወደ ካርቶኑ ይመለሳል።

ነጭ ስኒከር ለካሜራ ፈተና ነው። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ በአማካይ ግራጫ አድርጎ ይገምታል። ነጭ ሲሞላበት «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ያጨልመዋል፤ ነጩ ጫማ አመድ ይመስላል። ብርሃኑን ትንሽ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ከፍ ሲል ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ጠይም ፊትና ነጭ ጫማ በአንድ ፎቶ ውስጥ፣ በቀትር ፀሐይ፣ አብረው አይገቡም። ወይ ጫማው ይቃጠላል ወይ ፊቱ ይጠፋል።

እዚህ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ይለያያሉ። ርቀታቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው የሚደርሱባት ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር። የደሴ ጉም ብርሃኑን ያለሰልሰዋል። ስቱዲዮ ውስጥ በነጭ ጨርቅ የሚሠራውን ሥራ ደሴ ላይ ሰማዩ በነጻ ይሠራዋል። ፊቱም ጫማውም ይወጣሉ። ኮምቦልቻ ፀሐዩ ስለታም ነው፤ ጥላው ይቆርጣል። በዚያ ብርሃን የሚያምረው ጥቁር ወይም ቀይ ጫማ ነው። የሁለቱ ከተሞች ፎቶዎች ጎን ለጎን ሲታዩ መልካቸው የሚለያየው በአንሺው ችሎታ ብቻ አይደለም።

ስልክም ድርሻ አለው። የስልኩን ሰፊ ሌንስ መሬት አስጠግተው ሲያነሱ ጫማው ከፊት ይገዝፋል፣ ሰውየው ከላይ ይረዝማል። ዓለም ላይ የስኒከር ፎቶ መለያ የሆነው አነሳስ ይህ ነው። ጉልበት ማጎንበስ ይጠይቃል እንጂ ውድ ዕቃ አይጠይቅም። በክረምት የደሴ ጭቃ ላይ ግን መንበርከኩ ራሱን የቻለ መስዋዕትነት ነው።

ገንዘቡ እንዴት ይዞራል

ብዙዎቹ ገጾች ዕቃ አያከማቹም። ፎቶው ይለጠፋል፣ ዋጋ «በውስጥ መስመር» ይባላል፣ የፈለገ ቀብድ ይከፍላል፣ ከዚያ ጫማው ከአዲስ አበባ ይታዘዛል። ማለትም ፎቶው ከዕቃው በፊት ይሸጣል። ካፒታል ለሌለው ወጣት ትልቅ ነገር ነው። ቀድሞ ሱቅ ለመክፈት ኪራይ፣ መደርደሪያና ዕቃ ያስፈልግ ነበር።

ግን አደጋው ወደ ገዢው ዞረ። ጫማውን ሳይነካ፣ ቁጥሩን ሳይለካ ይከፍላል። ፎቶው ከኢንተርኔት የተወሰደ ከሆነ የሚያየው የሌላ አገር ጫማ ነው። እዚህ ላይ የራስ ፎቶ ዋጋ ይወጣል። ከኋላ የደሴ የድንጋይ ደረጃ ወይም የሚታወቅ ግድግዳ ያለበት ፎቶ «ጫማው እዚህ አለ፣ በእጄ ነው» የሚል ማስረጃ ነው። አንድ ገጽ ከተራ ሻጭ ወደ ብራንድ የሚሸጋገረው በዚህ ይመስለኛል። ውበቱ ሁለተኛ ነው። መጀመሪያ ሰው ቦታውን ያውቀዋል፣ ሞዴሉን ያውቀዋል፣ ስለዚህ ያምናል።

ሌላም ነገር አለ። ካሜራ ያለው ልጅ ከጫማ ይልቅ ከሠርግ፣ ከምረቃና ከልደት የተሻለ ይከፈለዋል። ስኒከሩ ለእሱ ማሳያ ነው፤ ችሎታውን የሚያሳይበት መስኮት። ስለዚህ «ይህ ገጽ ጫማ ይሸጣል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ አንዳንዴ «ፎቶ አንሺ ይሸጣል» ነው።

የሚነሱት ክርክሮች

የመጀመሪያው ክርክር ስለ መኮረጅ ነው። ኮምቦልቻ የቆዳ ፋብሪካም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም ያላት ከተማ ናት። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ ኢንዱስትሪ ፓርክም አላት። እንዲህ ባለ ቦታ የቻይና ኮፒ በሚያማምር ፎቶ ማስተዋወቅ የራስን ቆዳ መግደል ነው የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ክብደት አለው። ግን ወጣቱ የአገር ውስጥ ቆዳ ጫማ ያልገዛው በፎቶ ተታልሎ ብቻ አይደለም። ዋጋው፣ ዲዛይኑ፣ የቁጥር እጥረቱ አለ። ኢንዱስትሪ ፓርኩም የራሱ መከራ ገጥሞታል፤ የ2014 ዓ.ም. ጦርነት ከተማዋ ድረስ ደርሷል፣ በዚያው ዓመት አሜሪካ ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነጻ የገበያ ዕድሏ አግልላለች። ያ ሁሉ በስኒከር ገጽ ላይ ሊላከክ አይችልም።

ሁለተኛው ስለ ሞዴሎቹ ነው፣ በተለይ ስለ ሴቶቹ። «የወሎ ቆንጆ» የሚለው ስም ገጾቹ ከመምጣታቸው በፊት የተሠራ ብራንድ ነው። ገጾቹ ይህን ዝና ያለ ክፍያ ይጠቀሙበታል። ቤተሰብ ግን ይሰጋል። ፎቶው የት እንደሚደርስ፣ ከሥሩ ምን እንደሚጻፍበት አይታወቅም። ይህን ስጋት ኋላ ቀርነት ብሎ ማለፍ ስህተት ነው። የአስተያየት መስጫው ሥር የሚጻፈውን ያነበበ ስጋቱ ከየት እንደመጣ ያውቃል። በሌላ በኩል ሞዴሊንግ ሥራ ነው የሚሉት ወጣቶችም ተሳስተዋል ማለት አይቻልም። ችግሩ እንደ ሥራ አለመያዙ ነው። ብዙ ጊዜ ክፍያው አንድ ጫማ ወይም «ፎቶውን እንሰጥሻለን» ነው። ውል የለም። የተወሰነ ሰዓት የለም። ሥራ ከሆነ የሥራ ነገር ይኑረው።

ሦስተኛው ስለ ፌክ ነው። «ሁሉም ያውቃል፣ ማን ተጎዳ?» የሚል አለ። ኮፒውን ኮፒ ነው ብሎ የሚሸጥና ኦሪጅናል ነው ብሎ የሚሸጥ እኩል አይደሉም፤ ሁለተኛው ገዢውን ያታልላል። የመጀመሪያውም ቢሆን በሕግ ፊት ነጻ አይደለም፤ የሰው የንግድ ምልክት ያለበት ዕቃ ነው።

ሕጉ ምን ይላል

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ግን እዚህ ጉዳይ ላይ ዋና የሆነው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ሊታይ፣ ሊባዛ ወይም ሊሸጥ እንደማይችል ይደነግጋል። ለታዋቂ ሰዎችና ለሕዝባዊ ጉዳዮች ልዩ ሁኔታ አለው። ጫማ ያደረገች የሰፈር ልጅ ግን ከልዩ ሁኔታው ውስጥ አትገባም። ፈቃድ በቃል ሲሆን በኋላ ማስረዳት ያስቸግራል። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፤ ፎቶው የት፣ ለምን፣ እስከ መቼ እንደሚወጣ የሚል። ዕድሜዋ 18 ካልሞላ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ፎቶ አንሺውን የሚመለከተው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። ፎቶ ለ25 ዓመት ይጠበቃል። ነገር ግን ፎቶው የስብስብ አካል መሆን፣ በመጽሐፍ መታተም ወይም የባለቤቱን ምልክት ወይም ስምና አድራሻ መያዝ አለበት። ስለዚህ ልጆቹ ፎቶ ጥግ ላይ የሚያስቀምጧት ስም ጌጥ ብቻ አይደለችም። አንዳንዱ «ፎቶውን ታበላሻለች» ብሎ ይተዋታል። ኋላ ፎቶው የሌላ ገጽ ላይ ሲገኝ ክርክሩ ይከብደዋል።

የገጹ ስም ራሱ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የባለቤትነት መብት የሚገኘው በምዝገባ ነው። የሚመዘግበው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳል። መቶ ሺህ ተከታይ ያለው ገጽ ስሙን ካላስመዘገበ፣ በሕግ ዓይን ያ ስም የማንም ነው። ሊመዘገብ የሚችለው ግን የራሱ ስምና ዓርማ ብቻ ነው። የናይኪን ጭረት ከስሙ ጎን አድርጎ «ሎጎ» ያሠራ ልጅ ይዞ የሚቀርበው የራሱን ጥፋት ማስረጃ ነው።

ከዚህ በኋላ

አብዛኛው ገጽ ይጠፋል። ይህ ትንቢት አይደለም፤ ሱቅም ቢሆን ብዙው ይዘጋል። የሚቀሩት ሁለት ዓይነት ይመስሉኛል። አንዱ ታማኝ ሻጭ የሚሆነው ነው። ኮፒውን ኮፒ የሚል፣ ያልሆነ ቁጥር ሲመጣ የሚቀይር፣ ንግድ ፈቃድ አውጥቶ ሱቅ የሚከፍት። ያኔ ሞዴሎቹና ፎቶው እየቀነሱ ይሄዳሉ፤ ደንበኛ ካመነ ስልክ ደውሎ ይገዛልና።

ሌላው ጫማውን ትቶ ዓይኑን የሚሸጠው ነው። የልብስ ሰፊዎች፣ የሆቴሎችና የሠርግ ቤቶች ፎቶ አንሺ ይሆናል። ምናልባት አንድ ቀን የኮምቦልቻ ቆዳ ለተሠራበት ስኒከርም። ለእንዲህ ያለው ጫማ ጎማውም ቆዳውም ሰፊውም አገር ውስጥ አሉ፤ የጎደለው ዲዛይንና ወጥ ቁጥር ነው። በዲዛይኑ በኩል የስኒከር ገጾች ያልታሰበ ጥቅም አላቸው። የትኛው ቀለም እንደሚጠየቅ፣ የትኛው ቁጥር ቀድሞ እንደሚያልቅ፣ ደሴ ላይ ክረምት ሲገባ ነጭ ጫማ መጠየቁ እንደሚቀንስ በየቀኑ የሚያዩት እነሱ ናቸው። በውስጥ መስመር የሚመጣው «41 አለ?» የሚል መልእክት ሁሉ መረጃ ነው። እስካሁን ግን ብዙዎቹ መልሰው ያጠፉታል፤ ስልኩ ሞላ ብለው።